ወንበር

ደብዳቤ ጻፍሁና ለወረዳው ቢሮ፣
«ሃካቶን» የሚል ቃል መሃል ላይ ታጉሮ፣
ኃላፊው አንብቦ፣ ደግሞ ደጋግሞ፣
ከማራቶን ጋራ በስም አጋጥሞ፣
«ለስፖርት ክፍል ይድረስ» ሲል ጽፎ መራበት፤
ማኅተም አረፈ፣ ቲተር ታተመበት፤
ከሣምንት በኋላ ደረሰልኝ በጀት፦
ሃያ አራት ማልያ፣ ቁጥር ያለበት፣
አንድ የእግር ኳስ፣ አየር የሌለበት፣
አንድ ፊሽካም ደግሞ፣ ክር የታሰረበት።

እኔ የምፈልገው ወንበር ነበር፣ ወንበር።
ኮምፒውተርስ አለን፤ ዐሥራ አንድ ነበር፣
አራቱ አይነሡም፤ አንዱ ይነሣና
ሰማይ መስሎ ይቀራል ያለ አንድ ደመና፤
በቀሩት ስድስት ላይ፣ አራት ልጅ ላንዱ፣
ይበቃል። ወንበር ግን በየት ነው መንገዱ?

ከቤተ መጻሕፍት ዘጠኝ፣ ከመምህራን ክበብ ስድስት፣
ጄኔሬተር ካዋሰን ከባለወፍጮው አምስት፣
ከፀጉር ቤት ሦስት፣ የሚሽከረከር፤
ብደምር ብቀንስ ሃያ ሦስት ወንበር።

ልጆቹ ሃያ አራት።
ሰባቱ ማውስ ሲነኩ የመጀመሪያቸው፣
እንደ ትኩስ ድንች ይዘውት በጣታቸው።
የእናኑ አባት መጥቶ፣ ክፍሉን ዞሮ አይቶ፣
«መኝታ የለም?» አለኝ። «የለም» ስለው፣ ተደስቶ
ፈረመ።

ቅዳሜ ከቀትር ሥራ ተጀመረ፤
ላንደኛዋ ማልያ ወንበር አልነበረ፤
ባንቺአምላክ ቆማ፣ በጓደኞቿ ራስ ላይ
ስትጽፍ አመሸች። ይህን በመስኮት ሲያይ
ዘበኛው አያ ልሳኑ ወንበሩን አንሥቶ፣
አንድ እግሩ በሽቦ የታሠረውን፣ ገብቶ
አኖረው ካጠገቧ፦ «ተቀመጪ ልጄ፣
ቆሜ ብጠብቀው አይከፋውም ደጄ።»

ከምሽቱ አራት ላይ መብራት ድርግም ብሎ፣
የባለወፍጮው ሞተር ተነሣ ቀጥሎ፤
ከጢሱ ጋር በርበሬ ቢበትንብንም፣
ስናስነጥስ አደርን፣ ሥራው ግን አልቆመም።
የይበልጣል ቡድን የጠፋ አህያ
ያፈላልግ ነበር ከገበያ ገበያ፤
የነባንቺአምላክ ደግሞ በዓል አውጪ ነበር፣
ዓመት ቢሰጡት ፋሲካን ሊናገር።
ያምናውን ጠየቅነው፤ ዶሮ የበላንበትን
ጥርት ያለ ቀን ስቶ ነገረን ሌላ ቀን።
እኔም ጎንበስ ብዬ ከራስጌ እስከ ግርጌ፣
ነጥቡንም ቅንፉንም ለቅሜ ፈልጌ፣
አጣሁት።

ከበሩ ላይ፣ ከጋቢ ውስጥ፣ ድምፅ መጣ፦
«ወንበሩ ስንት ወጣ?»
«ያንተ ሲጨመር፣ አያ፣ ሃያ አራት» አልሁት።
ሳቀ። «እሱን አይደል። ዓመተ ዓለሙን ውሰዱት፣
በዐሥራ ዘጠኝ ግደፉት፤ ስንት ተረፋችሁ?»
«ዐሥራ አንድ» አለች ልጅቱ። «ዐሥር በሉ፤ ምነው ቸኮላችሁ?
አንዱን ለዘመኑ ተዉለት። ያላለቀ ዓመት
አይቆጠርም።»
                    እሷም አንድ ቀነሰችለት።

ቀኑ ልክ መጣ። ያች ፊሽካ ተነፋች፤
የሰፈር ውሻ ሁሉ ነቅታ አብራን ጮኸች።
«ማሽኑም» አለ አንለይ «የሚቆጥር ከዜሮ ነው።»
«እኛ አልቦ እንለዋለን። አልቦ ወንበርም ወንበር ነው»
አለና ወደ በሩ፣ ሊቆም፣ ተመለሰ።

ዲማ ነው የተማረው። ባሕረ ሐሳብ በቃሉ።
ስድስት ዓመት በዚያ በር ሳልፍ እጅ እየነሣሁት፣
ምን ታውቃለህ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት?
አልጠየቅሁትም።

እሑድ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ያህያው ቡድን ረታ፤
ዳኛው ባለወፍጮ ነበር፣ ባለፈው ሐሙስ ማታ
አህያ የጠፋችበት።
ባንቺአምላክ ወንበሩን ከበሩ መልሳ፣
ማልያ ቁጥር አንድን ካናቱ ላይ አልብሳ፣
ሄደች።

ሰኞ ከወረዳው ቅጽ መጣ፦ «የተሮጠው ርቀት
በኪሎ ሜትር ይሞላ፤ ካልሆነም በሰዓት።»
ከበሩ እስከ ክፍላችን ሠላሳ ርምጃ ነው፣
ካሮጌ ወንበር ጋር።
ያንን ጽፌ ሰጠሁ። አጸደቁት፤ ፋይል ላይ ነው።